ሞተር ማሟሸት፦ የታደሰ የስፖርት መኪና ሞተር ዕድሜ የሚወሰንባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት

በብዙ ድካምና ወጪ የታደሰ የስፖርት መኪና ሞተር ከጋራዥ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ሊበላሽ ይችላል። ጥፋቱም ሁልጊዜ የመካኒኩ አይደለም። ባለቤቱ ሞተሩ ገና ሳይለምድ እስከ ቀዩ መስመር ካስጮኸው ይጎዳዋል፤ "እንዳይጎዳ" ብሎ ከሚገባው በላይ ካባበለውም ይጎዳዋል።

ብዙ አሽከርካሪዎች የሚያውቁት የመጀመሪያውን አደጋ ብቻ ነው። "አዲስ ሞተር በቀስታ ይነዳ" የሚለው ምክር ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ቢሆንም እውነትነቱ ግማሽ ነው። ሞተሩ ከጋራዥ ሲወጣ ሥራው አላለቀም። የብረቶቹ የመጨረሻ መለሳለስ የሚከናወነው መንገድ ላይ፣ በአሽከርካሪው እግር ሥር ነው።

ጉዳዩ በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክብደት አለው። ኢትዮጵያ እ.አ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ኬንያም በመደበኛ ደንቧ ከተሠሩ ከስምንት ዓመት በላይ የሆናቸውን ያገለገሉ መኪኖች አታስገባም። ቆየት ያለ የስፖርት መኪና ያለው ሰው ሞተሩ ሲደክምበት መኪናውን በሌላ መተካት አይቀለውም፤ የሚቀረው ሞተሩን አውርዶ ማሳደስ ነው። ያ እድሳት ደግሞ ፍሬ የሚያፈራው በአግባቡ ከተሟሸ ነው።

'ማሟሸት' ሲባል ምን ማለት ነው?

አዲስ ምጣድ ተገዝቶ በዚያው ቀን እንጀራ አይጋገርበትም። በተወቀጠ ጎመን ዘር እየታሸ፣ እየጋለ፣ እየቀዘቀዘ ይሟሻል። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይይዘዋል። የሞተርም ጉዳይ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እርስ በርስ የሚፋተጉ አዳዲስ ብረቶች ሥራቸውን የሚጀምሩት በቁጥጥር ሥር ሆነው እንዲላመዱ ከተደረገ በኋላ ነው።

ጣልያኖች ይህን ሂደት 'ሮዳጆ' ይሉታል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጣልያን ጎዳናዎች በአዲስ መኪኖች የኋላ መስታወት ላይ መኪናው በሮዳጆ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይለጠፍ ነበር። በብሪታንያም እንዲሁ "ሞተር በማለማመድ ላይ ነኝ፣ እባክዎ ቀድመው ይለፉ" የሚል ይዘት ያለው ምልክት የተለመደ ነበር። የአዲስ አበባና የአሥመራ ጋራዦች ፋሻ፣ ቴስታታ፣ ካንዴላና ፊልትሮ የሚሉ ስሞችን የወረሱት ከዚያው ከጣልያንኛ ነው።

ዛሬ የፋብሪካ ቀረጻ እጅግ ስለተራቀቀ ተራ የቤት መኪና የሚጠይቀው ጥንቃቄ ቀንሷል። የስፖርት መኪና ሞተር ግን ክፍሎቹ የሚሸከሙት ጫናና ፍጥነት ከፍተኛ ነው። በጋራዥ በእጅ የታደሰ ሞተር ደግሞ ጥራቱ በአዳሹ እጅና በመሣሪያው ላይ ስለሚመሠረት ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በሲሊንደሩ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

በእያንዳንዱ ፒስተን ዙሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ፋሻዎች አሉ። የላይኞቹ ሁለቱ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ ይዘጋሉ፤ የታችኛው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ትርፍ ዘይት ይጠርጋል።

የሲሊንደሩ ግድግዳ ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም ሲታደስ ሆን ተብሎ እርስ በርስ የሚቆራረጡ ቀጫጭን ጭረቶች ይወጡበታል። ጭረቶቹ በአጉሊ መነጽር ሲታዩ እንደ ተራራና ሸለቆ ናቸው። ሸለቆዎቹ ዘይት ይይዛሉ። ተራራዎቹ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፋሻውን እየሞረዱ፣ ራሳቸውም እየተሞረዱ ይሄዳሉ። በዚህ ጊዜ ፋሻውና ግድግዳው አንዱ የሌላውን ቅርጽ ይይዛል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነጥብ አለ። ፋሻው በራሱ የመለጠጥ ኃይል ግድግዳውን የሚጫነው በጥቂቱ ነው። በኃይል የሚጫነው የተቃጠለው ጋዝ ከኋላው ገብቶ ወደ ውጭ ሲገፋው ነው። በሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት የስፖርት መኪና በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ከ50 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል። ሞተሩ ጭነት ሳይኖርበት ሲሠራ ግን ግፊቱ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

ስለዚህ አዲስ ሞተር ለሰዓታት ቆሞ በሚኒሞ ቢሠራ፣ ወይም በሜዳ መንገድ ነዳጅ በትንሹ እየተረገጠ ቢነዳ ፋሻው ግድግዳውን በበቂ አይጫነውም። በመሐል የሚያልፈው ዘይት በሙቀት እየተጋገረ ጭረቶቹን እንደ ቫርኒሽ ይሸፍናቸዋል። ጭረቶቹ አንዴ ከተደፈኑ የመሞረዱ ሥራ ይቆማል። ውጤቱ ዘይት የሚበላ፣ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ፣ ጉልበት ያነሰው ሞተር ነው። ሁነኛው መፍትሔም ሞተሩን እንደገና አውርዶ ግድግዳውን እንደገና መፋቅ ነው።

ከመጠን በላይ መቸኮልስ?

ተቃራኒው ስህተትም የራሱ መዘዝ አለው። አራት ሊትሩ የፖርሽ 911 ጂቲ3 ሞተር እስከ 9,000 ዙር በደቂቃ ይዞራል። ይህ ማለት በሴኮንድ 150 ዙር ነው፤ እያንዳንዱ ፒስተን በአንድ ሴኮንድ 300 ጊዜ ይቆማል፣ 300 ጊዜም እንደገና ይነሳል። አማካይ ፍጥነቱ በሴኮንድ 24 ሜትር ገደማ ነው።

ገና ያልተላመዱ ብረቶች በዚህ ፍጥነት ሲፋተጉ የሚፈጠረው ሙቀት በአንድ ነጥብ ላይ ይከማቻል። የዘይቱ ሽፋን ይሰበራል፣ ብረት ብረትን ይነክሳል። ፒስተኑ በሙቀት ሲያብጥ በጠባቡ ሲሊንደር ውስጥ ሊነክስና ሊጨረምት ይችላል። በክራንክሻፍቱ ዙሪያ ያሉት ቤሪንጎች ከክራንክሻፍቱ የሚለያቸው ክፍተት ከሰው ፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። በእድሳት ጊዜ የቀረች አንዲት የብረት ብናኝ ለእነርሱ እንደ ድንጋይ ናት።

የመጀመሪያው ማስነሳት

የታደሰ ሞተር ደረቅ ሆኖ መነሳት የለበትም። ልምድ ያላቸው አዳሾች ፊልትሮውን በዘይት ይሞላሉ፣ ካንዴላዎቹን ያወጣሉ፣ ከዚያም የዘይት ግፊት በመለኪያው ላይ እስኪታይ ሞተሩን በሞተሪኖ ያዞሩታል። ተርቦ ካለው ወደ ተርቦው የሚሄደው የዘይት መስመርም አስቀድሞ ይሞላል። የራዲያተሩ ውኃ፣ የአየር መውጫው፣ የካንዴላው የእሳት ጊዜ ሁሉም የሚረጋገጡት ከዚህ በፊት ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ አቁሞ እያጠፉ ማስተካከል ጎጂ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚደረገው በሞተሩ ዓይነት ይወሰናል። ቫልቮቹ ካምሻፍቱን በቀጥታ በሚፋተጉ ክፍሎች የሚከፈቱባቸው የቆዩ ሞተሮች የተለየ ሥርዓት አላቸው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በምሥራቅ አፍሪካ ታሪክ የሠራው ዳትሰን 240ዜድ ነው። በኡጋንዳ የተወለደው ኬንያዊው ሼካር ሜታ እ.አ.አ. በ1973 የሳፋሪ ራሊን ያሸነፈው በዚህ መኪና ነበር፤ ሜታ በጠቅላላው አምስት ጊዜ ውድድሩን አሸንፏል። የመኪናው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ካምሻፍት በቫልቭ መጫኛ ክንዶቹ ላይ እየተንሸራተተ ይሠራል።

እንዲህ ያለ ካምሻፍት አዲስ ሲሆን በአዳሾች ዘንድ የተለመደው መመሪያ ሞተሩ እንደተነሳ ወዲያው ዙሩን ወደ 2,000 ከፍ ማድረግ፣ ከዚያም ለ20 እስከ 30 ደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,500 ባለው መካከል እያቀያየሩ መያዝ ነው። ምክንያቱ በዝቅተኛ ዙር ወደ ካምሻፍቱ የሚደርሰው ዘይት ሊያንስ መቻሉ፣ በተፋታጊዎቹ ላይ የሚያርፈው የምንጮቹ ጫናም የሚበረታው ያኔ መሆኑ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች የዘይት ግፊቱ ከወደቀ ወይም ሙቀቱ ከተለመደው ካለፈ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል።

ሮለር ባላቸው ዘመናዊ ሞተሮች ይህ ሥርዓት አያስፈልግም። እነርሱ ተነስተው ፍሳሽ አለመኖሩ ከታየ በኋላ ሳይዘገይ ወደ መንገድ ቢወጡ ይሻላል።

የትኛው ዘይት?

ለታደሰ ሞተር አብዛኞቹ አዳሾች የሚመርጡት ሲንቴቲክ ያልሆነ፣ ለማሟሻ ተብሎ የተዘጋጀ ዘይት ነው። እንዲህ ያለው ዘይት ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም በብዛት አለው፤ ቅመሙ ዘይቱ በሚሳሳበት ቦታ በብረቶቹ ላይ መከላከያ ሽፋን ይሠራል። ለዘመናዊ ቤንዚን መኪኖች የሚመረቱ ብዙ ዘይቶች ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ይህ ቅመም የተቀነሰባቸው የጭስ ማጣሪያውን ስለሚጎዳ ነው። ስለዚህ ለዛሬ መኪና የተመከረ ውድ ዘይት ለ1970ዎቹ ካምሻፍት መጥፎ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ከፋብሪካ የወጣ አዲስ መኪና ግን ሌላ ነው። ፖርሽን ጨምሮ አንዳንድ አምራቾች መኪናቸውን ከመነሻው ሲንቴቲክ ዘይት ሞልተው ያስረክባሉ። የእነዚህ ባለቤት መመሪያውን ከመከተል በቀር በራሱ ዘይት መቀየር አይጠበቅበትም።

በታደሰ ሞተር የመጀመሪያው ዘይትና ፊልትሮ ቶሎ ይቀየራሉ፤ ብዙዎች ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም በ800 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደግሙታል። የወጣው ፊልትሮ ሳይመረመር መጣል የለበትም። ተቆርጦ ሲከፈት የሚታየው ደቃቅ የብረት አቧራ የሚጠበቅ ነው። በማግኔት የሚያዝ ስባሪ ከካምሻፍት ወይም ከሌላ የብረት ክፍል፣ የመዳብ መልክ ያለው ቅርፊት ደግሞ ከቤሪንግ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩ ሳይነዳ መታየት አለበት።

አምራቾች ምን ይላሉ?

ቢኤምደብሊው ለኤም ሞዴሎቹ ባወጣቸው መመሪያዎች እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ከ5,500 ዙርና በሰዓት ከ170 ኪሎ ሜትር እንዳይታለፍ ያዛል፤ በዚያ ርቀት ላይም የዘይት ቅያሪ ያለው ልዩ ምርመራ ይደረጋል። ፖርሽ ለአሜሪካ ገዥዎች በጻፋቸው በርካታ የ911 መመሪያዎች የማሟሻውን ርቀት 2,000 ማይል፣ ማለትም 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ያደርገዋል፤ የዙሩንም ጣሪያ 4,000 አካባቢ ያስቀምጣል። ቶዮታ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትሮች ድንገተኛ ፍሬን እንዳይያዝ፣ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ድረስም ድንገተኛ ማፍጠን፣ እጅግ ከፍተኛ ፍጥነት፣ ለረጅም ጊዜም በአንድ ዓይነት ፍጥነት መንዳት እንዲቀር ይመክራል።

የመጨረሻው ምክር ልብ ሊባል ይገባል። አምራቾች "ቀስ በሉ" ብቻ አይሉም፤ "እየቀያየራችሁ ንዱ" ይላሉ። እንዲሁም ማሟሸቱ የሞተር ብቻ አይደለም። አዲስ ጎማ ላዩ እስኪሞረድ መሬት በሚገባ አይይዝም፤ አዲስ የፍሬን ሸራም ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም።

በለስላሳው ወይስ በጠንካራው?

በሞተር ሰዎች መካከል የቆየ ክርክር አለ። አንዱ ወገን በእርጋታ መንዳትን ያስቀድማል። ሌላው "ሞተሩ እንዴት እንዲሠራ ከፈለግህ እንዲያው አሟሸው" ይላል። የውድድር ሞተሮች በጉልበት መለኪያ ማሽን ላይ ታስረው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሟሸታቸውንም እንደ ማስረጃ ያቀርባል።

ክርክሩ የሚረገበው ሁለት ነገሮች ሲለዩ ነው፤ እነርሱም ጭነትና ዙር ናቸው። ፋሻውን ግድግዳው ላይ የሚያስቀምጠው ጭነት ነው። ሙቀትንና ድካምን የሚያበዛው ከሁሉ በላይ ዙር ነው። ስለዚህ ለአዲስ ሞተር የሚበጀው መካከለኛ ዙር ላይ ሆኖ በቂ ጭነት ማግኘት ነው።

በተግባር ሲታይ ሞተሩና ዘይቱ በሚገባ ከሞቁ በኋላ በሦስተኛ ማርሽ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነዳጁን ከግማሽ በላይ እየረገጡ ማፍጠን፣ ከዚያም እግርን አንስቶ ማርሹ ሳይወጣ ፍጥነቱ ወደ 50 እስኪወርድ መተው ነው። ይህ አሥር ጊዜ ያህል ይደጋገማል። በማፍጠን ጊዜ ፋሻው ይጫናል። እግር ሲነሳ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው መሳብ ዘይት ወደ ላይ አምጥቶ ብናኙን ያጥባል፣ ግድግዳውንም ያቀዘቅዛል። ዙሩ ከቀዩ መስመር ሁለት ሦስተኛ አይለፍ፤ ቀዩ መስመር 7,000 ከሆነ 4,500 በቂ ነው። በከባድ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር ነዳጅ ደፍቶ ሞተሩን ማስጨነቅም ቤሪንጎቹን ስለሚመታ የተከለከለ ነው።

ደጋና ቆላ

የአምራች መመሪያ የማይነግረው አንድ ነገር አለ፤ ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር፣ አሥመራ 2,325 ሜትር፣ ናይሮቢ 1,795 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይገኛሉ። በአዲስ አበባና በአሥመራ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ ፋሻውን የሚገፋው ግፊትም ይቀንሳል። በደጋ ከተማ አዲስ ሞተርን ማባበል ይበልጥ የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ካርቡሬተር ያላቸው የቆዩ የስፖርት መኪኖች ሌላ ፈተና አለባቸው። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር በስስ አየር ውስጥ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ያፈሳል። ትርፉ ቤንዚን ዘይቱን ከግድግዳው ላይ አጥቦ ፋሻውን በደረቅ ያስኬደዋል። በተቃራኒው ለናይሮቢ ተስተካክሎ ያለ ለውጥ ወደ ሞምባሳ የሚወርድ መኪና ቤንዚን አንሶት ከመጠን በላይ ይግላል። ስለዚህ ካርቡሬተሩ ሞተሩ ለሚሟሸበት ከተማ አስቀድሞ መስተካከል አለበት።

ውኃም በአዲስ አበባ ከፍታ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ካልያዘ ትኩሱ አዲስ ሞተር ባልተጠበቀ ሰዓት ይፈላል። ከእድሳቱ ጋር ክዳኑንም መቀየር ርካሽ ጥንቃቄ ነው።

መንገድ መምረጥም ይጠቅማል። የከተማ ትራፊክ ሚኒሞና ሙቀት ብቻ የሚሰጥ የከፋ ቦታ ነው። እንደ አሥመራ–ምጽዋ ያለው 2,300 ሜትር የሚወጣ ረጅም ዳገትም ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። የሚሻለው መጠነኛ ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቅበት መንገድ ነው፤ ዳገቱ ጭነት፣ ቁልቁለቱ ዕረፍት ይሰጣል። በአቧራማ መንገድ ላይ ደግሞ በአየር ማጣሪያው ጠርዝ የሚገባ አቧራ ለአዲስ ፋሻ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው።

ማብቃቱ በምን ይታወቃል?

የመጀመሪያው ምልክት የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው። በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሞተሩ ጥቂት ዘይት ሊጨርስ ይችላል፤ ፋሻው ሲቀመጥ ፍጆታው ይቀንስና ይረጋል። ከ1,000 እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር በኋላም ካልቀነሰ የሲሊንደሮቹ ግፊት ይለካል።

ለኪው በደጋ ከተማ የሚኖር ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። መጽሐፉ 12 ባር የሚል ከሆነ በአዲስ አበባ ጤነኛው ሞተር ከ9 እስከ 9.6 ባር ብቻ ሊያሳይ ይችላል። በመጽሐፉ ቁጥር ብቻ የሚፈርድ ሰው ደኅና ሞተር ሊያስወርድ ይችላል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚታየው የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ነው፤ ሁሉም ተቀራራቢ ከሆኑ ፋሻው ተቀምጧል፣ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ ግን ችግር አለ።

ከጋራዥ ሲወጣ በባለቤቱ እጅ ሊኖር የሚገባው ወረቀት አጭር ነው፦ የገባው ዘይት ዓይነት፣ የማይታለፈው ዙር፣ የመጀመሪያው የዘይት ቅያሪ ኪሎ ሜትር፣ የሲሊንደሮቹ ግፊት በዚያው ከተማ ሲለካ የተገኘው ቁጥር። መካኒኩ ይህን ጽፎ ከሰጠ፣ ባለቤቱም ከተከተለው፣ ሞተሩ በኋላ ቢበላሽ እንኳ ምክንያቱን መፈለግ ይቻላል። ወረቀቱ ከሌለ የሚቀረው መወቃቀስ ነው።